ጂዲ የቆጠረ ቀን

ልጅ ሳለሁ መደመር ያስተማረኝ ጅብ ነው ብል ማን ያምነኛል? ቤታችን ከአሶሳ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። የመግሪብ ሶላት ሲያበቃ፣ ጂዲ እያልን የምንጠራው አያቴ፣ ግቢያችን ካለው ማንጎ ሥር እሳቱን ይቆሰቁስና ኦቾሎኒውን ከነቅርፊቱ ከረመጡ እያወጣ ተረቱን ይጀምርልን ነበር። «ጅቡ ሦስት ኦቾሎኒ ሰረቀ» ይልና ሦስት ፍሬ መዳፌ ላይ ያኖራል። «ጥንቸሏ ደግሞ አራት አመጣች» ብሎ አራት ይጨምራል። «አሁን ስንት አላቸው?» በትክክል ከመለስኩ ኦቾሎኒው የእኔ ነው፤ ከተሳሳትኩ ጅቡ ይበላዋል፤ ጅቡ ደግሞ ራሱ ጂዲ ነበር። ያኔ ጢሱ ዓይኔን እያስለቀሰኝ፣ የፋኖሱ ብርሃን የጣቶቼን ጥላ እያስረዘመው፣ ለሆዴ ስል ቶሎ ተማርኩ።

ከተረቶቹ ሁሉ አጥንቴ ድረስ የገባው ግን የዶሮዋ ነው። አንዲት ዶሮ ጫጩቶቿን በየማለዳው ጮክ ብላ ትቆጥር ነበር። ጭልፊት ዛፍ ላይ ሆኖ ሰማት፤ እሷ ስድስት ስትል እሱም ስድስት አለ፤ በማግስቱ አምስት ሆኑ። ጂዲ ይህን ተናግሮ ሲጨርስ እሳቱን እያየ «ትንፋሽ ያለው ነገር አይቆጠርም» ይላል። በእኛ ቤት ፍየልም ሆነ ልጅ በቁጥር አይጠራም። እናቴ ሁላችንም መግባታችንን የምታውቀው የላስቲክ ኩባያዎቻችንን ቆጥራ ነው። ሻይ ተቀድቶበት ባለቤት ያላነሳው ኩባያ ካለ፣ አንዳችን ውጭ ቀርተናል ማለት ነው።

አንደኛ ክፍል ስገባ እንግዲህ የቁጥር ሊቅ ነኝ ብዬ ተኮፈስኩ። ያየሁትን ሁሉ እደምራለሁ፤ የአጥር እንጨት፣ የሚያልፍ መኪና፣ የጎረቤት ማንጎ። አንድ ምሽት ወንድሞቼና እህቶቼ ምንጣፍ ላይ ተደርድረው ተኝተው ሳለ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ጣቴን እየቀሰርኩ ቆጠርኳቸው። ራሴን ጨምሬ አምስት። ደስ አለኝ። በአራተኛው ቀን የሁላችንም ታናሽ ዘሃራ እንደ እሳት ነደደች፤ እናቴ አዝላ አሶሳ ሆስፒታል ወሰደቻት፤ እዚያው ተኙ። እኔ መቁጠሬን ማንም አያውቅም። ጭልፊቱን የጠራሁት እኔ ነኝ ብዬ ፈራሁ። ያን ፍርሃት እስካሁን አልረሳሁትም።

መምህራችን ቲቸር ይማም ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ቤተሰቦች ልጅ ነበር፤ ወጣት፣ ሳቂታ፣ ቁጣ የማያውቅ። ሒሳቡን ከራሳችን ኑሮ እየመዘዘ ነበር የሚያስተምረን። በዚያው ሰሞን ጓደኛዬን ሐሊማን «በእናንተ ቤት ስንት ልጆች ናችሁ?» አላት። «አራት» አለች። ወደ እኔ ዞረ። «በእናንተስ ቤት? ሁለቱን ቤት ስትደምሪ ስንት ልጅ ይሆናል?»

ዝም አልኩ። ልጆቹ ሳቁ። ቲቸር «አብሽሪ፣ ቀስ ብለሽ አስቢ» አለኝ፤ እኔ ግን ዘሃራን ነበር የማስበው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቁጥር የሚባል ነገር ከአፌ አልወጣ አለ፤ ስለ እርሳስ ሲጠይቀኝም፣ ስለ ማንጎ ሲጠይቀኝም። በሳምንቱ አሳዳጊ አምጪ ተባልኩ፤ ወደ ዜሮ ክፍል ወርጄ ከሕፃናቱ ጋር ልቀመጥ ነው። እናቴ ሆስፒታል ናት፤ ጂዲ ምርኩዙን ይዞ ክፍላችን ድረስ መጣ።

«አባባ፣ መደመር አልገባትም» አለው ቲቸር በትሕትና። «ወደ ዜሮ ክፍል ብትመለስ ይሻላታል።»

«ይሄ ልጅ?» አለ ጂዲ ሴቱንም በወንድ በሚጠራው አማርኛው። «ይሄ ልጅ የኔን ኦቾሎኒ ጨረሰ። መደመር ያውቃል።»

«ታዲያ የቤታችሁን ልጆች ከነሐሊማ አራት ጋር ደምሪ ስላት ለምን ዝም ትላለች?»

ጂዲ ፊቱ ተለወጠ። ጎንበስ አለና በቋንቋችን «ቆጥረሻቸዋል?» አለኝ። ያኔ አለቀስኩ። ጣቴን መቀሰሬን፣ አምስት ማለቴን፣ ዘሃራን ያሳመምኳት እኔ መሆኔን፣ ሁሉንም እየተንሰቀሰቅኩ ነገርኩት። እስኪወጣልኝ ጠበቀና ለቲቸር በአማርኛ አስረዳው። «ጥፋት የኔ ነው» አለ። «ተረት የኔ ነው።»

ቲቸር ይማም ጠመኔውን በጣቶቹ መሃል እያሽከረከረ አቀረቀረ። «የእኔም እናት እኮ ልጆቿን አትቆጥርም» አለ። «እንዴት ረሳሁት?»

ጂዲ ግን አልጨረሰም። እጁን ራሴ ላይ ጫነና፣ ቲቸርም ልጆቹም እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ ጀመረ። «ሐሰን፣ አንድ። አሚና፣ ሁለት። ይሄ ልጅ፣ ሦስት። ኻሊድ፣ አራት። ዘሃራ፣ አምስት። እኔ ቆጠርኩ። አንተ አልቆጠርክም። ጭልፊት ከመጣ እኔን ይጠይቅ።» ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ «ከነሐሊማ አራት ጋርስ?» አለኝ።

«ዘጠኝ» አልኩ።

ወደ ዜሮ ክፍል አልተመለስኩም። ዘሃራም ከጥቂት ቀናት በኋላ ወጣች፤ ወባ ነበር። ዛሬ እሷ ራሷ የልጆች እናት ናት፤ እኔ ደግሞ አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ። ልጅ ዝም ሲለኝ መጀመሪያ የራሴን ጥያቄ ነው የምጠረጥረው። ስለ ልጆች የጠየቅኩትን ስለ ኩባያ አድርጌ እንደገና እጠይቃለሁ፤ ብዙ ጊዜ አፉ ይፈታል።

ለብዙ ዓመታት ጂዲ ያን ቀን ያደረገው ቀላል ነገር ይመስለኝ ነበር። ሽማግሌ ነው፣ ተረቱ ተረት መሆኑን ያውቃል፣ እኔን ለማባበል ቆጠረ ብዬ ነበር የማስበው። ጂዲ ከሞተ በኋላ ግን እናቴ ነገረችኝ። ያን ቀን ከትምህርት ቤቱ ወጥቶ ወደ ቤት አልሄደም። በዚያ ፀሐይ እስከ ሆስፒታሉ በእግሩ ሄዶ፣ ላቡን እንኳ ሳይጠርግ ጆሮውን ዘሃራ ደረት ላይ አስጠግቶ ትንፋሿን ሲያዳምጥ ቆየ። እናቴ ደንግጣ ምን ሆነሃል ብትለው «ዛሬ ቆጥሬያቸዋለሁ» አላት።