አራተኛዋ ዕጩ

ሲንቄ ጉርሙ ለክልሉ ምክር ቤት፣ ለጨፌ ኦሮሚያ፣ ልትወዳደር እንዳሰበች መጀመሪያ የነገረችው ለእኔ ነው። ባሏ እንኳ ገና አልሰማም ነበር። የካቲት 2013 ዓ.ም. ላይ፣ በእጃጂ ከተማ የገበያ ቀን፣ ከሰው መሀል አገኘችኝና ክንዴን ይዛ ወደ አንድ ሱቅ በረንዳ ጎተተችኝ።

“ሰሎሜ፣ ለምርጫ ክልላችን ጨፌው ላይ ስንት ወንበር አለ?”

“ሦስት መሰለኝ።”

“ሦስት ነው። እስካሁን የቀረቡት ዕጩዎችስ?”

“እኔ ምን አውቃለሁ።”

“ሦስት” አለችና ሦስት ጣቷን ፊቴ ላይ ዘረጋች። “ሦስት ወንበር፣ ሦስት ሰው፣ ሁሉም ከአንድ ፓርቲ። ታዲያ ሰው በዝናብና በጭቃ ሄዶ የሚሰለፈው ምኑን ሊመርጥ ነው?”

እስክመልስላት አልጠበቀችም። “አራተኛ ሰው ያስፈልጋል” አለች።

ያኔ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነበር። ደንቢ ጎራ በምትባል የገጠር ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆና አሥራ አራት ዓመት አገልግላለች። ከእጃጂ ደንቢ ጎራ በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል፤ ሲንቄ ግን በአንድ ሰዓት ተኩል ትገባዋለች። አካሄዷ እንዲህ ነው፤ አብሯት የሚሄድ ሰው ወሬ የሚቀጥልበት ትንፋሽ አይተርፈውም። በአካባቢው የማታውቀው ቤት የለም። የትኛው ሕፃን ክትባት እንደቀረው፣ የትኛዋ ነፍሰ ጡር ወሯ እንደገባ፣ የማን ጉድጓድ ውኃ እንደጎደለ በቃሏ ታውቃለች። እኔ እጃጂ አስተማሪ ነኝ። ወላጆቼ የአምቦ ሰዎች ናቸው፤ ቤታችን አማርኛ ይነገራል፣ ከደጅ ስንወጣ ኦሮምኛ። ከሲንቄ ጋር የተዋወቅነው ለክትባት ትምህርት ቤታችን ስትመጣ ነው፤ ሁለቱን ቋንቋ እያቀላቀልን ስናወራ ዓመታት አለፉ።

ባሏ ተሬፋ ፈረስ የሚያረባ ዝምተኛ ገበሬ ነው።  በነገረችው በሦስተኛው ቀን ጠዋት ኮርቻ ሲያጠብቅ አየችው።

“ወዴት ነው?” አለችው።

“ስንት የድጋፍ ፊርማ ነው ያሉሽ?”

ቁጥሩን ነገረችው። በሺህ የሚቆጠር ነው። ተሬፋ ራሱን ነቀነቀና “በእግርሽ አይደረስም” አለ። “የወንዙን ማዶ እኔ እይዛለሁ።”

የግል ዕጩ ሆኖ ለመመዝገብ የነዋሪዎች ፊርማ ማቅረብ ግዴታ ነበር፤ የተሰጠው ጊዜ ደግሞ አጭር ነው። ከትምህርት ሰዓት ውጭ እኔም ወረቀት ይዤ ተሰማራሁ። ሰው በወረቀት ላይ መፈረም ይፈራል። ከሲንቄ ጋር አንድ ቤት ስንገባ አዴ ባየሽ የሚባሉ አሮጊት ወረቀቱን ገልበጥ አድርገው ጀርባውን ሁሉ አዩት።

“ይሄ ነገር መሬቴን አይወስድብኝም?” አሏት ሲንቄን።

“አይወስድም እማማ።”

“አንቺንስ ወዴት ነው የሚወስድሽ?”

“ከመረጣችሁኝ ለስብሰባ አዳማ እሄዳለሁ።”

“ሩቅ ነው። ታዲያ የልጄ ሚስት ምጥ ሲይዛት ማን ሊደርስላት ነው?”

“ጨፌው በዓመት ጥቂት ጊዜ ነው የሚሰበሰበው። ተመልሼ እመጣለሁ።”

አዴ ባየሽ ይህን ካረጋገጡ በኋላ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። ቀጥለው ሌላውን አውራ ጣታቸውንም ሊያትሙ ሲሉ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ መፈረም እንደማይችል ለማስረዳት ብዙ ደከምን።

የመጨረሻው ቀን ተሬፋ ፈረሱ በላብ ተዘፍቆ እጃጂ ደረሰ። ወረቀቱን ከደረቱ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋው የእሱ ብቻ ከአራት መቶ በላይ ሆነ። አብረውት ፈረስ የሚጋልቡት ጓደኞቹ እያንዳንዳቸው አንድ ጎጥ ተከፋፍለው ነበር። ሲንቄ ሁሉንም ቆጥራ ከተጠየቀው ማለፉን ስታረጋግጥ ተሬፋን ቀና ብላ አየችው። እሱ ፈረሱን ውኃ ሊያጠጣ ወጣ።

ከምዝገባው በኋላ የመወዳደሪያ ምልክት መምረጥ ነበረባት። ማንበብ የማይችል ሰው ዕጩውን የሚለየው በምልክቱ ነው። ሲንቄ እንስራ ፈልጋ ነበር፤ በሌላ ተይዟል ተባለች። ከቀሩት መካከል መሰላል፣ መቀስና ጃንጥላ አሳዩአት። እኔ መሰላሉን ወደድኩት።

“በዝናብ ከቤቱ መሰላል ይዞ የሚወጣ ሰው አይተሻል?” አለችኝ። ጃንጥላውን መረጠች።

ቅስቀሳው ሲጀመር ሲንቄ ሌላ ማንም ያሰበው የማይመስለኝን ነገር ይዛ ተነሳች። መራጩ ለሦስቱ ወንበር እስከ ሦስት ሰው ድረስ ምልክት ማድረግ ይችላል። ስለዚህ በየገበያው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ በየእድሩ ቆማ የምትናገረው ይህንኑ ነበር፦ “እነሱን አትምረጡ አልልም። ሁለት ከነሱ ምረጡ፣ አንድ እኔን። ሁለት ለነሱ፣ አንድ ለኔ።” ሰው ይስቃል፤ ከሳቀ በኋላ ግን ያስባል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሴቶች ከወንዝ ውኃ ቀድተው ሲመለሱ “ሁለት ለነሱ፣ አንድ ለሲንቄ” እያሉ ሲቀላለዱ በጆሮዬ ሰማሁ። ያን ዕለት እጃጂ እስክደርስ መንገዱ አልታወቀኝም።

ከሦስቱ የፓርቲው ዕጩዎች አንዱ ኦቦ ዳዲ ናቸው። የቀድሞ ርዕሰ መምህር፣ የተከበሩ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ግንቦት ላይ እጃጂ አዳራሽ ውስጥ ዕጩዎቹ ሕዝብ ፊት እንዲከራከሩ ተደረገ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ተንጠልጥሎ ነበር። ኦቦ ዳዲ የደንቢ ጎራ መንገድ በሚቀጥለው አምስት ዓመት እንደሚሠራ ተናገሩ፤ ተጨበጨበላቸው። ተራው የሲንቄ ሆነ።  

“እኔ መንገድ እሠራለሁ አልልም” አለች በኦሮምኛ። “መንገድ የምሠራበት ዶዘር የለኝም። ባለፈው ዓመት አንዲት ሴት በቃሬዛ ተሸክመን ስናመጣ ወንዙ ዳር ወለደች። ሕፃኑ ተረፈ፤ አሁን ይሄዳል። እኔ ከተመረጥኩ ጨፌው ፊት ቆሜ መንገዱ እስካሁን ለምን እንዳልተሠራ እጠይቃለሁ። መልሱን ይዤ መጥቼ እዚሁ አዳራሽ እነግራችኋለሁ። ሌላ ቃል አልገባም።”

 ጭብጨባው ከመስኮቱ ጀመረ፤ ከውጭ ከቆሙት። ወደ ውስጥ ገባ፣ አዳራሹ ተናወጠ። ኦቦ ዳዲ ራሳቸው ሁለት ጊዜ ሲያጨበጭቡ አይቻለሁ። ሲወጡ በአጠገቧ አለፉና “ጥሩ ተናገርሽ፤ ልጆቼን እንዲህ ነበር የማስተምራቸው” አሏት።

የምርጫው ቀን ሰኔ 14፣ ሰኞ ነበር። እኔ የሲንቄ ወኪል ሆኜ ደንቢ ጎራ ምርጫ ጣቢያ ገብቻለሁ። የጣቢያው ኃላፊ አዴ ኡርጌ የሚባሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሳጥኑን ከፍተው ባዶ መሆኑን ለሁላችንም አሳዩንና ዘጉት። ሰልፉ ያኔውኑ ከግቢው አልፎ ነበር። ሰው ነጠላውን፣ ጋቢውን ደርቦ፣ እየተሳሰቀ፣ “አካም ቡልቴ”፣ እንዴት አደርክ፣ እየተባባለ ቆሟል። ከሩቅ ጎጥ ሌሊት የተነሱ አሉ።

ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ዝናቡ ወረደ። እንዲያው ዝም ብሎ የሚወርድ አይደለም፤ ከፊት ያለውን ዛፍ የሚሰውር ዝናብ ነው። በዚያው ቅጽበት ሰልፉ በሙሉ ጃንጥላውን ዘረጋ። ጥቁር፣ ቀይ፣ አበባ ያለበት፣ ሽቦው የተጣመመ፤ መቶ፣ ሁለት መቶ ይሆናል። ከጣቢያው በር ሆኖ ለሚያይ ያ ሰልፍ የሲንቄ ሰልፍ ይመስላል።

የፓርቲው ወኪል መልአኩ የሚባል ወጣት ነበር። ከመቀመጫው ተነሳ።

“አዴ ኡርጌ፣ ይሄ ቅስቀሳ ነው” አለ። “በምርጫ ቀን የዕጩ ምልክት ይዞ ጣቢያ መምጣት ክልክል ነው። ጃንጥላውን ያስዘጉ።”

“ዝናብ ነው እኮ” አልኩት።

“ዝናብ መሆኑን አያለሁ። ሕጉ ግን ሕግ ነው።”

ልጁ አልዋሸም፤ ሕጉ እንዲያ ይላል።  ጃንጥላ ዝጉ ከተባሉ ግማሹ ሰው ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ሕፃን ያዘሉ እናቶች አሉ። አይዘጋም ከተባለ ደግሞ የጣቢያው ውጤት ሊሰረዝ ይችላል። አዴ ኡርጌ ስልካቸውን አወጡ፤ ኔትወርክ የለም። ወደ በሩ ሄዱ፣ መነጽራቸውን አደረጉና ሰልፉን ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱ። 

“ልጄ” አሉ በመጨረሻ፣ “እነዚህን ሰዎች የቀሰቀሳቸው ዝናቡ ነው። ዝናቡ ደግሞ ዕጩ አይደለም።”

ከዚያ ገመድ አስመጡና ከበሩ ፊት አስወጠሩ። ከገመዱ ውጭ ማንም ጃንጥላውን መያዝ ይችላል፤ ገመዱን የሚያልፍ ሰው አጥፎ ከጥግ ያስቀምጣል፣ ሲወጣ ያነሳል። ይህንኑ በመዝገባቸው ላይ ጻፉ፤ መልአኩ ቅሬታውን በጽሑፍ እንዲያሰፍር ጠየቁት፤ አሰፈረ። እኔም ፈረምኩ፣ እሱም ፈረመ። ትንሽ ቆይቶ መልአኩ ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄድ ዝናቡ ግቢው መሀል ያዘው። አዴ ባየሽ ከሰልፉ ወጥተው በጃንጥላቸው አድርሰው መለሱት። ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ። እሱም ሳቀ፤ ምን ያድርግ።

ቀኑን ሙሉ ሰው አልተቋረጠም። በሰው ክንድ ተደግፈው የመጡ ሽማግሌ፣ የአሥራ ስምንት ዓመት ልደቷን በዚያው ወር ያከበረች ልጅ፣ ጣታቸው ላይ የተቀባውን ቀለም እርስ በእርስ የሚያሳዩ ሴቶች። አንድ ገበሬ ድምፅ ከሰጠ በኋላ በሩ ላይ ቆሞ “ሁለትና አንድ” ሊል ሲል አዴ ኡርጌ በዓይናቸው ብቻ ዝም አሰኙት።

ውጤቱ በማግስቱ ጠዋት ጣቢያው በር ላይ ተለጠፈ። ሲንቄ ከሌላ ቀበሌ በእግሯ መጣች፤ ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነው። ሰው መንገድ ለቀቀላት። ጣቷን በወረቀቱ ላይ እየጎተተች አነበበች። ደንቢ ጎራ ላይ ድምፅ የሰጠው ሰው 702 ነው። ሲንቄ 611 አግኝታለች። ከሦስቱ የፓርቲ ዕጩዎች ይህን ያህል ያገኘ የለም።

ሴቶቹ እልል አሉ። ተሬፋ ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አደረገ፤ ይህንኑ ሦስት ጊዜ ደጋገመው።

የምርጫ ክልሉ ውጤት ተደምሮ ሲመጣ ግን ሲንቄ አራተኛ ሆነች። በእግሯም በፈረስም ያልደረሰችባቸው ቀበሌዎች ብዙ ነበሩ። ኦቦ ዳዲ ሦስተኛ ሆነው ገቡ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ወደ ሦስት ሺህ ድምፅ ነው። እኔ አለቀስኩ። እሷ ወረቀቱን ተቀብላ የራሷን ቁጥር ደጋግማ አነበበች።

“አሥራ ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ዘጠኝ” አለች። “ሰሎሜ፣ አሥራ ሰባት ሺህ ሰው እኮ ነው። ይሄን ሁሉ ሰው እኔ መቼ አውቄው?” ፊቷ ላይ ያየሁት ሐዘን አልነበረም። ያን ሁሉ ሰው አንድ በአንድ ሄዳ ለማግኘት የቸኮለች ነበር የምትመስለው።

በሳምንቱ ኦቦ ዳዲ ደንቢ ጎራ ድረስ መጥተው ጤና ኬላው ደጅ ቆሙ። እንኳን ደስ አለዎት አለቻቸው። እሳቸው ማስታወሻ ደብተራቸውን አወጡና “በቅስቀሳው ጊዜ በየቀበሌው ሰው የነገረሽን ንገሪኝ” አሏት። ሁለት ሰዓት ያህል ተናገረች፣ ጻፉ። ከጻፉት አንዳንዱ ተሠራ፤ ጤና ኬላው በሁለተኛው ዓመት ውኃ ገባለት። መንገዱ ግማሽ ላይ ቆሟል። ሲንቄ በየጊዜው ስልክ ትደውልላቸዋለች፤ ኦቦ ዳዲም ያነሱላታል።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ቤቷ ቁጭ ብለን ሳለ አንዲት የማናውቃት ሴት በር አንኳኳች። ስሟ መቲ ነው፤ ከአጎራባች ምርጫ ክልል የመጣች የእንስሳት ጤና ባለሙያ። ለመቀመጥ እንኳ አልፈለገችም።

“እናንተ ዘንድ ያደረግሽውን ሰምቼ ነው” አለቻት። “እኔም መወዳደር እፈልጋለሁ። ከየት ነው የሚጀመረው?”

ሲንቄ ብድግ አለች። ሻርፕዋን ከምስማሩ አነሳች፣ በአንድ እግሯ እየዘለለች ጫማዋን አጠለቀች።

“መንገድ ላይ እነግርሻለሁ” አለቻት። “እናንተ ዘንድ የመጀመሪያዎቹን ፊርማዎች ዛሬውኑ የማን ቤት እንደምንጠይቅ አውቃለሁ።”

ሁለቱ ሴቶች ቁልቁለቱን ሲወርዱ መቲ ከሲንቄ እኩል ለመራመድ ስትሮጥ አየኋት።