የሞጣው ጭነት

ሻምበል አለበል ከቢቸና ወደ ሞጣ መዛወሩን ሻለቃው በቃል ከነገረው ወዲህ እረፍት አጣ። ጦሩ እንደ አዲስ ሊደራጅ ነው። ጠዋት ልሂድ ብሎ ወታደሮቹን የጓዙን በቅሎ ያስጭናቸዋል፤ ከሰዓት በኋላ አልሄድም ብሎ ያስራግፋቸዋል።

«ይሂዱ እንጂ፤ ሞጣም አገር ነው» አለችው ሚስቱ አየሁሽ።

«ጃንሆይ የሾሙትን መኮንን ሻለቃ በአፉ አያዛውረውም። ሥልጣኑ የጦር ሚኒስቴሩ ነው» አለ ተቆጥቶ፤ ለሚኒስቴሩም አቤት አለ።

መልሱ ሰልፍ ላይ ተነበበ። ሞጣ ቀርቶ ጭራሹን ከጦሩ ተሰናብቷል፤ ትእዛዙም የሚኒስቴሩ ነው።

«አሁን ሕግ ሆነ» አለ አለበል።

ቤቱ ሲደርስ በቅሎዋ ጠዋት እንደተጫነች ቆማለች። «አራግፉ» ሊል ዞር አለ። ከኋላው የተከተለው ወታደር አልነበረም። ጎንበስ ብሎ መጫኛውን ራሱ ይፈታ ጀመር።