በቅምቅማት ላይ የተሞከረው ጄል

ካውያ ያልናት በሥራዋ ብቻ አይደለም፤ በምላሷም ነው። የተጨማደደ ነገር አይሆንላትም። ሸሚዝም ይሁን ሰው እፊቷ ከቆመ ቀጥ አድርጋ ነው የምትሸኘው። ዕድሜዋ ሃምሳ ሁለት ነው፤ ሃያ አራቱን ዓመት እዚሁ ላውንደሪ ውስጥ እንፋሎት ስትታጠን አሳልፋለች። ሁለት ልጆቿን ድራ አሁን ከባሏ ጋር ብቻ ትኖራለች። ባሏ ሰዓት ሠሪ ነው። እሷ የምትናገረውን ያህል እሱ ዝም ይላል። "እኛ ቤት የማወራው እኔ፣ የሚመልስልኝ የግድግዳው ሰዓት" ትላለች።

እኔ ከጎኗ ቆሜ እድፍ አስለቅቃለሁ። ሥራውን ያስተማረችኝ እሷ ናት። የመጀመሪያ ትምህርቷም ይሄ ነበር፦ የማታውቂውን ፈሳሽ የሰው ልብስ ላይ አታፍስሺ። ቅምቅማቱን፣ የታጠፈውን ጠርዝ፣ ገልብጪ፣ ማንም የማያየው ቦታ ላይ አንድ ጠብታ አድርጊ፣ እስከ ነገ ጠብቂ። ቀለሙ ካልለቀቀ፣ ጨርቁ ካልሳሳ፣ ያኔ እንዳሻሽ አድርጊው። በዚህ ሕግ ስንት የሙሽራ ቀሚስ አትርፈናል። አሁን የማወራላችሁ ጣጣም የመጣው ከዚሁ ሕግ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ሰኞ ዕለት ሱሪ ስታቃጥል ነው። የሚጨስ ነገር ሸተተኝና ዞር ስል፣ የመተኮሻውን ብረት ሱሪው ላይ አስቀምጣ በመስኮት ውጭ ውጭውን ታያለች።

"እትዬ! ሱሪው!"

"ይቃጠል" አለች። "እኔም ተቃጥያለሁ።"

ምሳ ሰዓት ላይ ጓዳ ገብተን የአንሶላ ክምር ላይ ተቀመጥንና ተነፈሰችልኝ።

"የወር አበባዬ ከቆመ ሁለት ዓመቱ። ከዚያ ወዲህ ደረቅኩ። ባሌ ሲቀርበኝ ያመኛል። የአሸዋ ወረቀት ነው የሆንኩት።"

"ነግረሽዋል?"

"ምን ብዬ? አንድ ቀን ራሴን አመመኝ፣ አንድ ቀን ደከመኝ፣ አንድ ቀን ነገ በጠዋት እነሳለሁ። ሰበብ ሲያልቅብኝ እሱ ትራሱን ይዞ ልጆቹ ክፍል ገባ። 'ወገቤን አሞኛል፣ የዚያኛው ፍራሽ ጠንከር ይላል' አለኝ። ይኸው ሰበብ አስተማርኩት።"

ይሄ ብቻ ቢሆን ሆድ ይፍጀው ብላ ትኖር ነበር። ነገር ግን የባሏ ወንድም ሌላ ከተማ ትልቅ የሰዓት ሱቅ ከፍቷል፤ ና፣ አብረን እንሥራ ይለዋል። እስከ ቅዳሜ ቁርጡን ንገረኝ ብሎታል።

"ምን አሰብክ ብዬ ጠየቅኩት" አለች። "'እዚህስ ቢሆን ያው ብቻዬን አይደል የምተኛው' አለኝ። በሠላሳ ዓመት ትዳር ውስጥ እንዲህ ረጅም ነገር ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።"

ዓይኗ እንባ ሞላ። ካውያ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" አልኳት። "ለዚህ ተብሎ የተሠራ ማለስለሻ አለ። ፋርማሲ ሂጂ።"

ማክሰኞ ጠዋት ሄደች። የሳል ሽሮፕ ይዛ መጣች። ከሰዓት በኋላ እንደገና ሄደች። ፋሻ ይዛ መጣች። "ሰው ነበረ" አለች። ረቡዕ አብሬያት ሄድኩ።

ፋርማሲስቷ የልጇ እኩያ ናት። "እትዬ፣ ሳልዎ ተሻለዎት?" አለች።

"ስሚ ልጄ፣ ሳሉ..." ብላ ካውያ ቆመች። ያ ሁሉ ምላስ ተቆለፈ። እኔ ነኝ የጨረስኩላት፦ "ማለስለሻ ነው የምትፈልገው። የባልና ሚስት።"

ልጅቷ የራስ ምታት ክኒን የተጠየቀች ይመስል ፊቷ ላይ ምንም አልታየም። ሦስት ሳጥኖች አውጥታ ደረደረች፤ አንዱ እንጆሪ፣ አንዱ ናና፣ አንዱ ምንም ጣዕም የሌለው።

"ሦስቱም በውሃ የተሠሩ ናቸው፤ ታጥበው ይለቃሉ" አለች። "ጣዕም ያላቸው በተለይ ለአፍ ታስበው ነው።"

"ለአፍ?" ካውያ ዞር ብላ አየችኝ። "ሰው ስንቱን ሳያውቅ ነው የሚሞተው!"

"ወደ ውስጥ ለሚገባው ግን ስኳር ያለበትን አይውሰዱ። ስኳር ፈንገስ ይጋብዛል፤ ያሳክክዎታል።"

"የኔ ሰውዬ ጣፋጭ ይወዳል፤ ሻይ ላይ አምስት ማንኪያ ነው የሚጨምረው። እንጆሪውን ስጪኝ።"

ልጅቷ ሳጥኑን ገልብጣ ጽሑፉን አሳየቻት። "ይሄኛው ስኳር አለው።"

"እንግዲያው ማርማላታ ነዋ! ዳቦ ላይ ቀቢው።"

"ለእርስዎ ጣዕም የሌለው ይሻላል፤ በዚህ ዕድሜ ገላው ይሳሳል። የትኛውንም ቢወስዱ ደግሞ መጀመሪያ ጥቂት ሞክረው አንድ ቀን ይጠብቁና..."

"ልጄ!" ካውያ አቋረጠቻት። "ይሄን ለኔ ትነግሪኛለሽ? ሃያ አራት ዓመት ሙሉ እየሞከርኩ ነው የኖርኩት!"

ልጅቷ አፏን ከፍታ ሳትጨርስ በሩ ተከፈተና የሰፈራችን ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ገባ። "እትዬ! እዚህ ነሽ? ሱሪዬ ደረሰ?"

ካውያ ከሦስቱ ሳጥን አንዱን እንደ ፍም አፈፍ አድርጋ ብብቷ ሥር ወሸቀችው። "ነገ፣ ጋሼ፣ ነገ!" እያለች ሂሳቡን ወርውራ ወጣች። የተቃጠለው ሱሪ የእሱ መሆኑን ገና አልነገርነውም ነበር።

ላውንደሪ ስንደርስ አውጥታ አየችው። ናናው ነው።

"ይሁና" አለች። "ናና ከረሜላ ከኪሱ አይጠፋም።" አሮጌ አንሶላ መርጣ፣ ቅምቅማቱን ገልብጣ፣ አንድ ጠብታ አደረገችና ዙሪያውን በእርሳስ አከበበችው።

ሐሙስ ጠዋት ወደ ብርሃን ወስዳ አገላብጣ መረመረችው። "ቀለም አልለቀቀም። አላሳሳም። አላደረቀም። አልፏል!"

"እትዬ፣ ልጅቷ ጨርቅ ላይ ሞክሪ ያለችሽ አልመሰለኝም።"

"ታዲያ ምን ላይ?"

"ቆዳሽ ላይ።"

"ጨርቅ የቻለው ቆዳን ያቅተዋል? ወግጂ!"

ተውኳት። ከእሷ ጋር መከራከር በጋለ ብረት ላይ እንደ መቀመጥ ነው፤ እኔ ደግሞ የተሰጠኝን ተቀብዬ መኖር ከለመድኩ ቆይቻለሁ።

ዓርብ ጠዋት እግሯን ከፈት ከፈት አድርጋ እየተራመደች ገባች። ደህና አደራችሁ እንኳን ሳትል፣ "ጨርቅና ሰው አንድ አይደለም" አለች።

በሩን ዘጋሁ። "ንገሪኛ።"

"'ና የመኝታ ቤቱን እጀታ እይልኝ' ብዬ ጠራሁት። ካቻቢቴ ይዞ መጣ፣ የኔ የዋህ። ካቻቢቴውን አስቀመጥኩለት። ሁሉም ነገር ደህና ሄደ። ያንን ነገር ቀባሁ። መጀመሪያ ቀዝቀዝ አለኝ፤ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ሞቅ አለኝ፤ ይበልጥ ደስ አለኝ። ከዚያ እሳት! የሚንቀለቀል እሳት! ገፍትሬው ሮጥኩና ቀዝቃዛ ውሃ የሞላ ሳፋ ውስጥ ተዘፈዘፍኩ።"

"እሱስ?"

"በሩ ላይ ቆመ። ፊቱ አመድ መስሏል። 'ይሄን ያህል ነው የምትጠዪኝ?' አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለካ እንደዚያ ነበር የሚያስበው። ሳፋው ውስጥ ሆኜ 'አንተ አይደለህም! ናናው ነው!' ብዬ ጮኽኩ። ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ከዚያ የደበቅኩትን በሙሉ እዚያው ተዘፍዝፌ ዘረገፍኩለት።"

"ምን አለሽ?"

"ምንም። ሄደና ከመሣሪያ ቦርሳው ትንሽ ጠርሙስ አምጥቶ ሰጠኝ። የሰዓት ዘይት! 'ንጹሕ ነው፤ አንድ ጠብታ ይበቃል' አለኝ። 'አንተ ሰው፣ እኔ ሰዓት ነኝ?' ስለው እሱም ሳቀ። ሳቅን፣ ሳቅን፣ የሳፋው ውሃ ግማሹ ወለል ላይ ፈሰሰ።"

"ታዲያ ወደ አልጋሽ ተመለሰ?"

ሳቋ ጠፋ። "አይ። 'እንዳላሳምምሽ' ብሎ ልጆቹ ክፍል ገባ። ነገ ቅዳሜ ነው። ለወንድሙ ምን ብሎ እንደሚመልስ አልነገረኝም፤ መጠየቁን ደግሞ ፈራሁት።"

ምሳ ሰዓት ሲሆን ሰዓት ሠሪው ራሱ ላውንደሪው በር ላይ ቆሞ አገኘነው። ክራቫት አስሯል። "እንሂድ" አላት። "የት?" አለች። "ፋርማሲ" አለ። ካውያ ክንዴን ያዘችኝ፦ "አንቺም ነይ፤ ይሄን ብቻዬን ባየው ማንም አያምነኝም።"

ፋርማሲው ውስጥ ሰልፍ ነበር። ተራችን ሲደርስ ካውያ ለፋርማሲስቷ በሹክሹክታ የሆነውን ነገረቻት። ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቅ ይሁን ኀዘን አለየሁም።

"እትዬ፣ ሳልጨርስ ሸሹ እኮ! ክንድዎ ላይ ልልዎት ነበር፤ በውስጥ በኩል። ናናም ሆነ የሚያሞቅ የሚባለው ሁሉ ለሳሳ ገላ አይሆንም።"

"የሰዓት ዘይትስ?" አለ ባልየው፣ ምንም ሳያፍር።

"ኧረ አባቴ! የማሽን ዘይት ለሰው ገላ አልተሠራም። የትኛውም ዘይት ቢሆን ደግሞ ኮንዶም ለሚጠቀም ሰው አይሆንም፤ ይቀድደዋል።"

"ዘይት ላስቲክ እንደሚበላ እኛ ነን የምናውቀው" አለች ካውያ፣ ምላሷ ተመልሶላት። "ስንት የላላ የሙታንታ ላስቲክ አይተናል።"

ሰዓት ሠሪው ከኪሱ ማጉያ መነጽሩን አውጥቶ ዓይኑ ላይ ሰካ። ሳጥኖቹን አንድ በአንድ እያነሣ፣ የጉንዳን እግር የሚያክለውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። "ስኳር፣ የለም። ናና፣ የለም። የሚያሞቅ፣ የለም። ጊዜው፣ አላለፈበትም።" ከኋላችን ያለው ሰልፍ ዝም ብሎ ያዳምጣል።

"አባት" አለ አንድ ወጣት ከኋላ፣ "እዚህም ሰዓት ይጠግናሉ እንዴ?"

"አዎ" አለ ሰውዬው መነጽሩን ሳያወልቅ። "ሁለት ዓመት የቆመ።"

ካውያ ትከሻውን በጥፊ አለችው። ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ። ጣዕም የሌለውን ለእሷ መረጠ። ከዚያ ስኳር የሌለበት የቫኒላ ጣዕም ያለው ሌላ ሳጥን አንሥቶ ከጎኑ አስቀመጠ።

"ይሄስ?" አለች ልጅቷ።

"ይሄ ለኔ" አለ። ልጅቷ ጠረጴዛው ሥር የወደቀ ነገር ያለ ይመስል ጎንበስ ብላ ቆየች።

ቀና ስትል ከሁለቱም ጄል ጠብታ ጠብታ የሁለቱም ክንድ ላይ አደረገች። "እስከ ነገ ካልቀላና ካላሳከከ ይጠቀሙበት። በጥቂቱ ይጀምሩ፣ ሲደርቅ ይጨምሩ፣ አይቸኩሉ። ካመመዎት ይተዉት። ደግሞ እትዬ፣ ሐኪም ጋ ይሂዱ። ለድርቀቱም ራሱን የቻለ ሕክምና አለ። ሁለት ዓመት በሕመም መቆየት አልነበረብዎትም።"

ካውያ የክንዷን ጠብታ እያየች ራሷን ነቀነቀች።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሥራ አልገፋላትም። ስልኳን ታያለች፣ በሩን ታያለች፣ አንዱን ሸሚዝ ሦስት ጊዜ ትተኩሳለች። አራት ሰዓት ሲሆን ባሏ ገባ፤ የሸሚዙ እጅጌ ተጠቅልሏል። ብረቱን ቀጥ አድርጋ አቆመችው።

"ወንድሜ ደወለ" አለ።

"እሺ?"

"አልመጣም አልኩት።"

"ገና አልሞከርነውም እኮ!" አለች። "ባይሆንልንስ?"

"ባይሆንም። የጠላሽኝ መስሎኝ ነው ልሄድ የነበረው።"

እኔ አንድ ንጹሕ ኮሌታ ላይ እድፍ ስፈልግ ቆየሁ። ካውያ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ዘረጋችለት። "እየው እስቲ። አልቀላም።"

ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ክንዷን ወደ መስኮቱ አዙሮ አየ። እንደሱ ረጋ ብሎ አንድን ክንድ የሚመረምር ሰው አላየሁም። ጠብታው የነበረበትን ቦታ ጨርሶ ክርኗ ጋ ደረሰ፤ ክርኗ ላይ ምን ይፈልጋል?

"ደህና ነው" አለ በመጨረሻ።

"እንግዲያው የግማሽ ቀን ፈቃድ ጠይቂልኝ" አለችኝ ካውያ። ሽርጧን ፈታ ወረወረችልኝና ሄዱ። የቀረውን ሸሚዝ ሁሉ እኔ ተኮስኩ።

ሰኞ ከሁለት ሰዓት በላይ አርፍዳ መጣች። የላውንደሪው ባለቤት ወገቧን ይዛ ጠበቀቻት። "የት ነበርሽ እስከ አሁን?"

"ሐኪም ቤት" አለች ካውያ።

ሁላችንም ፍርስ አልን። ከቦርሳዋ የመድኃኒት ማዘዣ አውጥታ አሳየችን፤ ማኅተም አለው፣ የዛሬው ቀን ተጽፎበታል፣ የሚቀባ ክሬም ታዝዞላታል። እውነቷን ነበር። ግን እንደዚያ እየተፍለቀለቀች ከሐኪም ቤት የምትመጣ ሴት ማን ያምናል?