ዳቦ የማትበላው የጋጋሪ ልጅ

ነገሩ አራት ሰዎችን ይመለከታል። አንደኛዋ ልጄ ናት፤ ያኔ ገና ትምህርት ቤት አልገባችም። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት። ሦስተኛዋ ጉራጌ አገር የሚኖሩት አማቴ ናቸው። አራተኛው እኔ ነኝ፤ በንጉሡ ዘመን ኮልፌ ዳቦ ቤት የነበረኝ ሰው። ማንበብ የተማርኩት ዳቦ ከምንጠቀልልበት አሮጌ ጋዜጣ ነው። ስለዚህ የተጻፈውን ሁሉ አምን ነበር፤ ያልገባኝን መጠየቅ ግን አፍር ነበር።

መኖሪያችንና ምድጃው አንድ ግቢ ውስጥ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ልጄ ከደንበኛ ሁሉ ቀድማ ምድጃው ጋ ትቆማለች። የመጀመሪያው ዳቦ የእሷ ነው፤ እጇን እያቃጠላት ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ታገላብጠዋለች። ግን ሥጋ አልያዘችም። ሆዷ ተነፋ፣ እግሯ ቀጠነ፣ ተቅማጡ አልቆም አለ።

«ምነው ጋሼ፣ ለእኛ እየሸጡ ልጅዎን ያስርባሉ እንዴ?» ይሉኝ ነበር ደንበኞቼ። እስቃለሁ፤ ውስጤ ግን ይበግናል።

ጸበሉም መድኃኒቱም አልሆን ሲል ሐኪም ቤት ወሰድናት። ፈረንጁ ሐኪም በአስተርጓሚ «ስንዴ አይስማማትም፤ በአፏ እንዳይዞር» አለን።

ባለቤቴ መንገድ ላይ «ታዲያ ምን ላብላት?» አለችኝ።

«በሶ ነዋ! ጉልበት ይሰጣታል።»

«ገብስስ ቢሆን?»

«ሰውዬው ስንዴ አለ፤ ገብስ አላለም። የታዘዝነውን እንፈጽም።»

በየጠዋቱ በሶ በማር በጠበጥንላት። ጨክነን ዳቦ ከለከልናት፤ እያለቀሰች በሶዋን ጠጣች። ባሰባት እንጂ አልተሻላትም። ተመልሰን ስንሄድ ሐኪሙ ምን እንደምትበላ ጠየቀ። አስተርጓሚው በሶ የተቆላ ገብስ ዱቄት መሆኑን ሲነግረው ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ። ገብስም እንደ ስንዴው ያማታል አለን። የእኔ ሥራ ምን እንደሆነ ሲሰማ ደግሞ «ከዱቄቱ አርቋት» አለ። በእኛ ግቢ ዱቄት ያላረፈበት ምን አለ? የጤፍ እንጀራዋ ላይ ሳይቀር ያርፋል። እሷም ብትሆን ዞር ስንል ፍርፋሪ ትለቅማለች።

አማቴ ዘንድ ወሰድኳት። እዚያ ቆጮ አለ፣ ጎመን አለ፣ አይብ አለ፤ የስንዴ ዱቄት ግን ከደጃቸው አይደርስም። ለመስቀል እንደ አገሬ ነጋዴ ሁሉ ወደ አገር ቤት ስገባ ጉንጯ ሞልቶ አገኘኋት።

«ልጅቷን ተውልኝ» አሉኝ አማቴ። «አንተ ዳቦህን ጋግር።»

ባለቤቴ «ምድጃውን እንዝጋውና ትምጣ» ብላ ለመነችኝ። አልዘጋሁትም። ሌላ ሙያ አልነበረኝም፤ የልጄ ታናናሽ ወንድሞች የሚበሉትም ከዚያው ምድጃ ገቢ ነው። ለልጅ መራራት ማለት ሁልጊዜ እቅፍ ማድረግ አይደለም፤ ይህን ዛሬም እላለሁ። ማለቱ ግን ናፍቆቱን አያስታግስም።

በየመስቀሉ እሄዳለሁ። ገና ከደጅ «አባባ፣ ኮትዎን ይስጡኝ» ትላለች።

«ምን ይሠራልሻል?»

«ዳቦ ዳቦ ይሸታል።»

ፊቷን ኮቱ ውስጥ ቀብራ ትቆያለች። አያቷ «አባትሽ እዚህ ቆሞ ኮቱን ትስሚያለሽ!» እያሉ ይስቁባታል።

በአንዱ ዓመት ሐሳብ ገባኝ፤ ከሽታው ጋር ዱቄት ይዤባት የምሄድ ቢሆንስ? ኮቱን በሳሙና አሳጥቤ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቼ ሄድኩ። እንደ ልማዷ ተቀበለችኝና ፊቷን ቀበረችበት። ወዲያው ቀና አለች። ኮቱን አጣጥፋ መለሰችልኝና «ጉልበትዎ ላይ ያድርጉት፣ ይበርዳል» አለች። ከዚያ ወዲያ ኮት ጠይቃኝ አታውቅም። ዳቦውን ከለከልኳት፤ ሽታውን እንድከለክላት ግን ማንም አላዘዘኝም ነበር።

አያቷ ዘንድ አደገች፤ እዚያው ተዳረች። ጤነኛ ናት፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ለጤናዋ የከፈልነውም ይኸው ነው፦ አማቴ የእርጅና ዕረፍታቸውን፣ ባለቤቴ የልጇን ፀጉር መጎንጎንን፣ ልጄ ከወንድሞቿ ጋር የምታድግበትን ቤት፤ እኔ ደግሞ በየጠዋቱ ከምድጃው ፊት የሚዘረጉትን ሁለት ትንንሽ እጆች።