ትልቁን ፊደል የሳተችው ልጅ

መነጽር ሠሪው ሃያ ዓመት ሙሉ ዓይን ሲለካ አስመሳይ አምልጦት አያውቅም። ጓደኛው መነጽር ስላደረገ ብቻ «አይታየኝም» የሚል ልጅ በየጊዜው ይመጣበታል። የእውነት የማያይ ልጅ ሰሌዳው ላይ ትልልቁን ፊደል አንብቦ ወደ ታች ሲወርድ ይደናበራል። አስመሳዩ ግን ከላይ ያለውን ግንድ የሚያህል ፊደል «እንጃ» ይልና፣ ከታች ያለችውን ደቃቅ ማስመሰሉን ረስቶት ሳይቸገር ይጠራታል። ያኔ ሰውዬው ባዶ መስታወት ያደርግለታል። ልጁ «አሁን ታየኝ» ሲል እናትየውን በዓይኑ ጠቀስ አድርጎ በሰላም ይሸኛቸዋል።

ዛሬ ግን እንዲህ ያለው ቀልድ አልታሰበውም። የአሥር ዓመት ሴት ልጁ መለኪያ ክፍሉ ውስጥ በሩን ዘግታ የኦንላይን ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና እየወሰደች ነው። አስተማሪዋ «እኔ ጋ ከዚህ በላይ የምታገኘው ነገር የለም፤ ጊዜዋን አታባክኑባት» ካለችው ወዲህ እንቅልፍ አጥቷል። ሁለት ትምህርት ቤቶች ለይቷል። በአንደኛው ልጅቷ የተቀረጸ ትምህርት እያየች፣ ብቻዋን እየሮጠች በዓመት ሁለት ክፍል ታልፋለች። ሁለተኛው ዘገም ያለ ነው፤ መምህርና ተማሪዎች በስክሪን እየተያዩ በቀጥታ ይማማራሉ፤ መግቢያ ፈተናም የለውም፣ ቅጽ መሙላት ብቻ ነው። የሁለቱም ምዝገባ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ካለፈ ዓመት መጠበቅ ነው። እሱ የመረጠው የሚያስሮጠውን ነው።

«እስቲ ልጅቷን ጠይቃት» ብላው ነበር ሚስቱ።

«የአሥር ዓመት ልጅ ምን ታውቃለች?»

ልጅቷ ቤት ውስጥ የምትጠራው «ጠበቃዋ» እየተባለች ነው፤ ስለ መኝታ ሰዓት እንኳ ሳትከራከር አትተኛም። በዚህ ጉዳይ ግን ገና አፏን ስትከፍት አባቷ «እዚህ ላይ ክርክር የለም፤ ለጥቅምሽ ነው» ብሎ ዘጋት። ቅጹ ላይ «ተማሪዋ ይህን ትምህርት ቤት ለምን መረጠች?» የሚለውንም ራሱ አሳምሮ ጻፈላት። ጠበቃዋ ዝም አለች። እሱ ሞኙ፣ ዝምታዋን እሺታ አድርጎ ቆጠረው።

ለስድስት ሃያ ጉዳይ ላይ በሩ ተከፈተ። «ጨረስኩ፣ አባዬ።»

ውጤቱን አየ። ወድቃለች። ከሥሩ «ከስድስት ሰዓት በፊት ከተጀመረ አንድ ጊዜ ብቻ መድገም ይቻላል» ይላል። ከቀላል ወደ ከባድ የተደረደሩትን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ማየት ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ፣ ታናሽ ወንድሟ የሚመልሳቸው ዓይነት፣ በሙሉ ቀይ ናቸው። የመጨረሻዎቹ፣ እሱ ጥያቄያቸው እንኳ ያልገባው፣ አንድም ሳይቀር ትክክል።

ይህን ሰሌዳ ያውቀዋል።

«ተቀመጪ» አላት ንዴቱን ዋጥ አድርጎ። በልማዱ የመለኪያ ፍሬሙን አነሳና ባዶ መስታወት ከትቶ ዓይኗ ላይ ሰካላት። «አሁንስ ታየሽ?»

«ባዶ እኮ ነው» አለች። እዚሁ ሱቅ ውስጥ ያደገች ልጅ፣ ማንን ያታልላል?

«ቀላሉን ሆን ብለሽ ነው የሳትሽው።»

«አዎ።»

«ታዲያ ከባዱን ለምን ሠራሽው?»

አቀረቀረች። «እነሱ ደስ ይላሉ። ዘልዬ ማለፍ አቃተኝ።»

በሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ ይፈርስ ነበር። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ክርክር የለም አልከኝ።» እንባዋ ከመስታወቱ ሥር ወረደ። «አንተ የመረጥከውን ትምህርት ቤት የሙከራ ትምህርት ሳምንቱን ሙሉ አየሁት። ስመልስ ኮከብ ይሰጠኛል፤ ስሳሳት ቪዲዮውን ይደግምልኛል። ለምን ብዬ ብጠይቅ የሚመልስልኝ ሰው የለም። እዚያ ብቻዬን ነኝ፣ አባዬ።»

የሰው ልጅ ምን ፈልጎ እንደሚያስመስል በደቂቃ የሚለይ ሰውዬ የራሱን ልጅ አልጠየቃትም። አፈረ። ያም ሆኖ እጁ «ድገም» ወደሚለው እየሄደ ነበር፤ በዓመት ሁለት ክፍል የሚለውን ነገር መተው እንደ ጥርስ መነቀል አመመው። ገጹን ዘጋና የሁለተኛውን ቅጽ ከፈተ። ስም፣ ዕድሜ፣ ስልክ፣ እየተጣደፈ ሞላ። «ተማሪዋ ለምን መረጠች?» ላይ ሲደርስ ከወንበሩ ተነሳላት።

«አንቺ ጻፊ። ስምንት ደቂቃ አለን።»

ስድስቱን ደቂቃ በላችው። እሱ ሰዓቱን እያየ ይንቆራጠጣል፤ አፉን ይከፍትና መልሶ ይዘጋል። በመጨረሻ ጎንበስ ብሎ አነበበ፦

«አባቴ ሌላ ትምህርት ቤት መርጦ ነበር፤ ተከራክሬ አሸነፍኩት።»

መቼ ተከራከርሽ ሊላት ነበር። ሊያርም ጣቱን ዘረጋና «ላክ» የሚለውን ተጫነ።