ሰዓት ሠሪው ጨፍኖት የኖረው ዓይን

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቀኝ ዓይኑ ላይ ማጉያ ሰክቶ ግራውን ጨፍኖ የሠራ ሰው፣ ግራ ዓይኑ መቼ እንደሞተ በምን ይወቅ? መልስ ያለው ይምጣና ይንገረኝ።

ሰዓት ሠሪ ነው፣ የሱቅ ጎረቤቴ። ሱቁ ደረጃ ሥር የተሸጎጠች ናት፤ እሱ ከተቀመጠ ደንበኛው ውጭ ቆሞ ነው የሚያወራው። «አንድ ደቂቃ!» እያለ ሁለት ሰዓት ስለሚያስጠብቅ ሰፈሩ «ጋሽ ደቂቃ» ይለዋል። ስኳር እንዳለበት ካወቀ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ኪኒኑን ትዝ ሲለው ይውጣል። ጤና ጣቢያ «ጋሼ፣ ዓይንዎን በየዓመቱ ይታዩ» ሲሉት፣ «የቁንጫ ዓይን የምታክል ብሎን የምፈታ ሰውዬ! ይልቅ እናንተ ታዩ» ይል ነበር። እኛም አብረን እንስቃለን። ምኑ ነው የሚያስቀው? ይህ በሽታ ሳያም፣ ሳያሳክክ፣ ድምፅ ሳያሰማ እንደሚሠራ አስቀምጦ ያስረዳው አንድ ሰው የለም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የምንለውም ሁሌ ከተቃጠለ በኋላ ነው።

አንድ ጠዋት ወረንጦውን እንደያዘ ቀኝ ዓይኑ ውስጥ ጥቁር ክር ወረደ። ማጉያውን በሸሚዙ ጫፍ ወልውሎ መልሶ ሰካው። ክሩ እዚያው ነው። ያኔ ቀኙን በመዳፉ ከድኖ በግራው ሊያይ ሞከረ። ቁርሱን ይዛ በሩ ላይ የቆመችው ልጁ ፊት አልነበራትም።

«አንቺ ነሽ?»

«ታዲያ ማን ልሁን፣ አባዬ?»

ልጁ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሟ ማለሳለስ አታውቅም። ስኳሩ በዓይኑ ጀርባ ብርሃን በሚቀበለው ስስ ሽፋን፣ ረቲናው ላይ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ጎድቷቸዋል፤ በምትካቸው የበቀሉት አዳዲሶቹ ልፍስፍስ ናቸው፣ በትንሹ ይደማሉ። የግራው ረቲና ከቦታው ከተላቀቀ ቆይቷል። ለቀኙ ግን መርፌ አለ፣ ሌዘር አለ፣ ደሙ አልጠራ ካለም ቀዶ ሕክምና አለ።

«መርፌው የት ነው የሚወጋው?»

«ዓይንዎ ውስጥ። መጀመሪያ እናደነዝዘዋለን።»

ወደ ልጁ ዞረ። «ሰማሽ? ስንት ሥጋ ያለበት መቀመጫ እያለ!»

«አባዬ፣ አሁን የቀልድ ጊዜ ነው?»

«እሺ፣ ከዚያ እንደ ድሮዬ አያለሁ?»

«ቃል አልገባም። ዋናው ያለዎት እንዳይጠፋ ነው። መርፌውም በየወሩ ይደጋገማል፤ ሌዘሩም ይከተላል» አለችው።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው፣ የሙያው ስህተት። እሱ ዘንድ ሰዓት ወይ ይሄዳል ወይ ይቆማል፤ ከሄደ ለባለቤቱ ይመለሳል፣ አለቀ። በተወጋ በሁለት ሳምንቱ ክሩ ሳሳ፣ ትንሿ ብሎንም ታየችው። «ሄደ!» ብሎ ወንበሩ ላይ ተመለሰ። የሁለተኛው መርፌ ቀን አለፈ። የሌዘሩም አለፈ። ልጁ ስትጨቀጭቀው፣ «የሚሠራ ሰዓት የሚፈታ ሥራ ፈት ነው» አላት። ይህን ስሰማ እኔም ግድግዳው ማዶ ነበርኩ። ገብቼ እጁን ይዤ አልጎተትኩትም። ጨዋነት ነው ብዬ ነበር፤ ጨዋነቴ ገደል ይግባ!

በሦስተኛው ወር ቀኝ ዓይኑ በደም ተሞላ። አሁን ክር አይደለም፣ መጋረጃ ነው። ልጁ ክንዱን ይዛ፣ እኔ ከኋላ ሆኜ ወሰድነው።

«ረቲናውን ጠባሳ እየጎተተው ነው» አለች ሐኪሟ። «ደሙንም ጠባሳውንም በቀዶ ሕክምና እናወጣለን፣ እዚያው ሌዘር እንሠራለን። ሊሳካ ይችላል፤ ላይሳካም ይችላል።»

«ያኔ በቀጠሮዬ ብመጣስ ኖሮ?»

ሐኪሟ የቀዶ ሕክምናውን የፈቃድ ወረቀት ለልጁ ዘረጋችላት። 

ከቀዶ ሕክምናው ማግስት ፋሻው ተፈታ። ሐኪሟ ጣቶቿን ፊቱ ላይ ዘረጋች።

«ስንት ነው?»

«ሁለት።»

አራት ነበሩ። ልጁ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «አባዬ፣ በናትህ አትገምት። የምታየውን ተናገር።»

አንገቱን አስግጎ ረጅም ጊዜ አፈጠጠ።

«እጅ ነው» አለ በመጨረሻ። «እጅ መሆኑ ይታየኛል። ቁጥሩን አላውቅም።»

«ለዛሬ ይኼም ይበቃል» አለች ሐኪሟ። «ይጨምር አይጨምር ግን ገና አይታወቅም።»

«ቀጠሮዬ መቼ ነው?» አለ። መልሷን ሳይጠብቅ ወንበሩን በሁለት እጁ ጨምድዶ እንደገና ጠየቀ፤ «መቼ ነው የምመጣው?»