የባሕሩ አባት የበኩር ልጅ

በጋን ዳ መንደር በየጀልባው ፊት ላይ ዓይን የምስለው እኔ ነኝ። ዓይን ያልተሳለለት ጀልባ መንገዱን አያይም፤ ስለዚህ ካፒቴኑ የቱንም ያህል ቢኮራ እኔ ደጅ መምጣቱ አይቀርም። ብዙ ግትር ሰው አይቻለሁ። ከሁሉም የባሰው ማን ነው ብትሉኝ ግን ካፒቴን አልጠራላችሁም። ጎረቤቴን ሉዋን ነው የምጠራው።

ሉዋ ባሕሩ ሲሸሽ ጭቃው ላይ ዛጎል እየለቀመች የምትኖር ሴት ናት። ባሏ ኮይ በማዕበል ቀን ወጥቶ አልተመለሰም። ሬሳው ስላልተገኘ አሸዋው ላይ ባዶ መቃብር ቆፈርንለት፣ ከሸክላ የተሠራ ምስሉንም ቀበርንለት። ለእሷ ግን ይህ አልበቃትም። የሰመጠ ሰው ነፍስ የሚጠራት እስክታገኝ ውሃ ላይ ትንከራተታለች፤ ስትመለስም የባሕሩን አባት ተከትላ ነው።

የባሕሩ አባት የምንለው ዓሣ ነባሪውን ነው። በማዕበል ጊዜ ጀልባን በጀርባው ደግፎ ወደ ዳር የሚያወጣ አባት እንዲሁ በስሙ አይጠራም። በየዓመቱ በበዓሉ ቀን በጀልባ ወጥተን “ና፣ ቤትህ ግባ” እንለዋለን፤ የዚያን ቀን የሰመጡትን የሚጠሩት ወንዶች ልጆቻቸው ናቸው። ኮይ ልጅ አልነበረውም። ሴት ደግሞ በዚያ ቀን ጀልባ ላይ አትወጣም።

“ታዲያ ኮይን ማን ይጥራው?” እያለች ሽማግሌዎቹን መውጫ መግቢያ ታሳጣቸዋለች።

“እኔ እጠራልሻለሁ፣ ልጄ” ይሏታል የባሕሩ አባት ቤተ መቅደስ አለቃ አባባ ሃፕ።

“እርስዎማ የምራትዎን ስም እንኳ ይረሳሉ!”

እንዲህ ስትነታረክ ኖራ አንድ ማለዳ ዛጎል ልትለቅም ስትወርድ የባሕሩ አባት ሞቶ ጭቃው ላይ ተጋድሞ አገኘችው። የራስ ሻርፗን ፈትታ ዓይኑ ላይ ጣል አደረገችና ጮኸች። መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ስንደርስ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ አጠገቡ ቆማለች።

“ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ። ነጩን ሻሽ አምጡልኝ” አለች።

ሁላችንም ክው አልን። አባት ሞቶ ሲወጣ መጀመሪያ ያየው ሰው የበኩር ልጁ ይሆናል። ነጭ ሻሽ አስሮ ሐዘን ይቀመጥለታል፣ ቀብሩን ይመራል፤ በበዓሉ ቀንም ባሕር ላይ ወጥቶ የአባትን ነፍስ የሚጠራው እሱ ነው። ሉዋ ምን እንደምትፈልግ ለማንም ግልጽ ነበር።

ካንግ ሰውን እየገፋ መጣ። በመንደሩ ትልቁ ጀልባ የእሱ ነው፤ አፉም ከጀልባው አያንስም።

“አንቺ ሴትዮ፣ ሴት የበኩር ልጅ ስትሆን የት አየሽ? ለነገሩ ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ። ጎህ ሲቀድ ባሕሩ ውስጥ ካሉት ድንጋዮች ወዲያ ተንሳፍፎ አይቼዋለሁ።”

ሕዝቡ ደስ አለው፤ ካፒቴን ለበኩር ልጅነት ያምራላ!

“እርግጠኛ ነህ?” አለች ሉዋ።

“በዓይኔ በብረቱ!”

“አባት መሆኑን ለይተህ?”

“ምን ማለትሽ ነው? አባቴን ላላውቅ ነው?”

“እና አባትህን ጥለህ የት ሄድክ?”

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ማለት ይሄ ነው። የሞተ አባት ባሕር ላይ ያገኘ ጀልባ መረቡንም ዓሣውንም ትቶ በገመድ እየሳበ ወደ ዳር ያመጣዋል። ይህን የማያውቅ ሕፃን እንኳ ጋን ዳ ውስጥ የለም። ካንግ ፊቱ በርበሬ መሰለ።

“ያው... መረቡ ሞልቶ ስለነበር... ደግሞ ጨለም ብሎ ነበር። ምናልባት ግንድ ይሆናል ያየሁት።”

“ጀልባህ እንኳ ለይቶታል!” አልኩት። “የእሱን ዓይን የሳልኩት እኔ ነኝ፤ ያንተን ማን እንደሳለው እንጃ!”

መንደሩ በሳቅ ፈረሰ። አባባ ሃፕ ግን አልሳቁም። ነጩን ሻሽ አስመጥተው ሉዋን አንበረከኩና በእጃቸው አሰሩላት።

ቀብሩ ላይ እንደ በኩር ልጅ አለቀሰችለት። በዓሉ ሲቃረብ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ሌላ ሰበብ አመጡ፤ ሻሹ ይሁንልሽ፣ ጀልባ ላይ ግን አትወጪም አሏት።

“በጀልባ እወጣለሁ አልኩ እንዴ?” ብላ ከቤቷ ጀርባ አንድ ክብ ነገር እያንከባለለች አመጣች። ቀርከሃ ስትጎነጉን የከረመችው ለካ ለዚህ ነው! ውሃ እንዳያስገባ የላም እበት ለቅልቃ፣ በዛፍ ሙጫ ደፍናዋለች። “ይሄ ቅርጫት ነው። ሴት በቅርጫት አትውጣ የሚል ሕግ አለ?”

አባባ ሃፕ ጢማቸውን እየጎተቱ ብዙ አሰቡ። “የለም” አሉ በመጨረሻ።

ዓይን ልሳልለት ስላት “ተወው፣ የእኔ ይበቃዋል” አለችኝ።

በበዓሉ ቀን እኔ በካንግ ጀልባ ላይ ከበሮ መቺ ነበርኩ። የበኩር ልጅ ከፊት ይሄዳልና፣ ያ ሁሉ ባንዲራ የለበሰ ጀልባ ሞተሩን አፍኖ አንዲት ቅርጫት ተከትሎ ያዘግማል። ካንግ መሪውን ይዞ ይቃጠላል።

“በዚህ አካሄድ ለከርሞው በዓል እንደርሳለን!”

ከድንጋዮቹ ስናልፍ ግን ማዕበሉ ጠነከረ። ሉዋ ውሃው እያለበሳት፣ ጥርሷን ነክሳ ትቀዝፋለች። መቅዘፊያው በደም ቀልቷል። ካንግ ክፉ ሰው አይደለም፤ ገመድ አንሥቶ ጮኸ።

“እትዬ ሉዋ፣ ያዢ! እጅሽ ተላጠ እኮ!”

“ልጅ ወደ አባቱ ተጎትቶ አይሄድም!”

የጥሪው ቦታ ደረስን። የአባትን መልስ ለማወቅ ሁለት የቀርከሃ ሥር ቁራጮች ትሪ ላይ ይጣላሉ፤ አንዱ በፊቱ፣ ሌላው በጀርባው ከወደቀ አባት እሺ ብሏል ማለት ነው። ሉዋ ትሪዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

“አባቴ፣ ና ቤትህ ግባ። ኮይንም ይዘኸው ና!”

ጣለች፤ እንቢ። ደገመች፤ እንቢ። ሦስተኛውም እንቢ።

“ሕጉ ሦስቴ ነው፣ ልጄ” አሉ አባባ ሃፕ ከጀልባው ጫፍ። “እንግዲህ ኮይን ተዪው፤ አባት ብቻውን ይምጣ በይ።”

“ሦስቴ ጠርቶ የሚተው ሌላ ሰው ያለው ነው” አለችና እንደገና ጣለች።

እንቢ። ደግማ ጣለች። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጣች፣ እኔም ከበሮዬን ተውኩ። በአባት ተናደድኩ፤ እውነቴን ነው፣ እኔ በእሱ ቦታ ብሆን አፍር ነበር። አባባ ሃፕ ሊቆጡ ተነሡና መልሰው ተቀመጡ። ሉዋ ግን በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ቃል ትጠራለች፤ ትጥላለች።

አንድ ጊዜ ከጣለች በኋላ እጇ ለማንሣት አልተዘረጋም። ትሪው ላይ አቀርቅራ ቆየች። አንዱ በፊቱ፣ አንዱ በጀርባው።

አላለቀሰችም። መቅዘፊያዋን ቅርጫቷ ውስጥ አጋደመችው።

“ካንግ!”

“አቤት፣ እትዬ!”

“አሁን ገመዱን አምጣው። ሁለት ሰው ይዤ ነው የምመለሰው፤ ብቻዬን አልችላቸውም።”

ካንግ ገመዱን አልወረወረም። ጀልባውን ቀስ አድርጎ አስጠጋና በሁለት እጁ ሰጣት።